ብቻዬን መሮጥ የተከለከልኩበት ሳምንት

በዚያ ዘመን መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ ያለ ምክንያት የሚሮጥ ጤነኛ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ሰው የሚሮጠው ወይ እሳት ሲነሳ፣ ወይ ሌባ ሲያባርር፣ ወይ ለሰው ነፍስ ሲደርስ ነው። ስለዚህ እንደመጣሁ ሰሞን በማለዳ በቁምጣ ስሮጥ ያየኝ ገበሬ ሁሉ ዱላውን አንስቶ «ምንድን ነው? ምን መጣ?» እያለ ይከተለኝ ነበር። ቆም ብዬ «ምንም አልመጣም፤ ለጤና ነው» ስለው ከእግሬ እስከ ራሴ ያየኝና «ታመህ ነው እንዴ?» ይለኛል። በኋላ ለመዱኝ። ልጆቹ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ መሳቃቸውን አልተዉም።

ስሜ አራም ነው። አርመን ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው፤ አማርኛ የተማርኩትም ከጡት ጋር ነው። ደርግ በመጣ በጥቂት ዓመት አባቴ ሞተ፤ የሚከራየው ቤታችንም ተወረሰ። እናቴ ሶርያ፣ አሌፖ ያለችው እህቷ ዘንድ ለመሄድ ስትነሳ «አንተስ?» አለችኝ። «እኔ እዚያ ማንን አውቃለሁ?» አልኳት። እሷ ሄደች፤ እኔ ቀረሁ። ትምህርት ሚኒስቴር የስፖርት መምህር አድርጎ ሲቀጥረኝ የደረሰኝ ቦታ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነበር። በመዝገቡ ላይ የሰፈርኩት «የውጭ አገር ዜጋ» ተብዬ ነው። በየዓመቱ የመኖሪያ ፈቃድ አሳድሳለሁ፤ ደብረ ታቦር ለመድረስ እንኳ የይለፍ ወረቀት ያስፈልገኛል።

ብቸኛ ነበርኩ፤ ሌላ የምለው የለኝም። የአገሩ ሰው ደግ ነው፤ ይጋብዘኝ ነበር። ግን የሚጋብዘኝ እንደ እንግዳ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እንግዳ ሆኖ መኖር ደግሞ ያደክማል። ስለዚህ ሳምንቴን በሥራ ሞላሁት። ጠዋት ሩጫ፣ ከሰዓት በኋላ ከተማሪዎች ጋር ጂምናስቲክ፣ ማክሰኞ የቴአትር ልምምድ፣ ረቡዕና ሐሙስ ከከተማው የኪነት ቡድን መዘምራን ጋር ዝማሬ። ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ከኋላ መስመር ያቆሙኛል። ለሚያየኝ ሰው ደስተኛ ሳልመስል አልቀርም። እውነቱን ለመናገር ግን የቤቴን ዝምታ ፈርቼ ነው ያን ሁሉ የማደርገው። የምትቀረኝ አንዲት ነገር ሬዲዮኔ ነበረች። አመሻሹ ላይ አጭሩን ሞገድ እየነካካሁ በእናቴ ቋንቋ የሚናገር ጣቢያ እፈልጋለሁ። አንዳንድ ቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር ሰምቼ ይጠፋብኛል፤ እሷኑ ይዤ እተኛለሁ። የውጭ ሬዲዮ ማዳመጥ በዚያን ጊዜ ምን እንደሚያስከትል የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። እኔም አውቅ ነበር፤ ግን አልተውኩም።

የምነግራችሁ ሳምንት የጀመረው ሰኞ ማለዳ ነው። ወሩ ኅዳር ገና መግባቱ ነበር፤ ገብሱ ታጭዶ ውድማው ሁሉ ሥራ ላይ ነው። ለሩጫ ብዬ በር ስከፍት አያ ደምሴ ደጅ ቆመዋል። አያ ደምሴ የቤት አከራዬ የእትዬ ጥሩወርቅ ታላቅ ወንድም፣ ስድሳን ያለፉ ገበሬ ናቸው። ጋቢያቸውን አገልድመው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በረባሷቸውን አጥብቀዋል።

«እንዴት አደርክ ልጀ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው አያ፣ በደህና ነው በማለዳ?»

«ልሩጥ ብየ።»

«እርስዎ?»

«ምነው፣ ለጤና ነው ስትል አልነበር? እኔስ ጤና አልሻም?»

ሮጡ። ጋቢው እየተፈታ፣ ዱላው እግራቸው መካከል እየገባ፣ «ኧረ ቀስ በል አንተ ልጅ!» እያሉ እስከ ውድማው ድረስ ተከተሉኝ። እኔ ሳቄን ይዤ ሞትኩ። ስንመለስ ግን ሳቄ ጠፋ። ደጅ ደጁ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ሳልፍ ብድግ ብለው ቆሙ። ሲስቁብኝ የከረሙት ልጆች አልሳቁም። ትምህርት ቤት ደርሼ የዳይሬክተሩን ቢሮ ስገባ ሲያወሩ የነበሩ መምህራን ባንድ ጊዜ ዝም አሉ። አንዱ «ሻይ ልጋብዝህ» አለ። ይህ ሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሻይ ጋብዞኝ አያውቅም።

ማታ እትዬ ጥሩወርቅ ዶሮ ወጥ ይዘውልኝ መጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው የሞተባቸው፣ መንገድ ዳር ጨውና ላምባ እየቸረቸሩ የሚኖሩ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው።

«ዛሬ ምን በዓል ነው እትዬ?»

«በዓልማ ምን አለ። ብላ ብየ ነው። ከስተሃል።»

ቁጭ ብለው ስበላ አዩኝ። ጉርሻ በጉርሻ ላይ ደረቡልኝ። ሆዴ ጢም እስኪል በልቼ ቀና ስል ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲነሱ በሩ ጋ ቆም አሉና «ያችን ሬዲዮ ለጥቂት ቀን ብታውሰኝ?» አሉ።

«እርስዎ ሬዲዮ ይሰማሉ?»

«ልስማ ብየ ነዋ።»

ወሰዷት። የቤታችን ግድግዳ አንድ ነው፤ በእሳቸው ክፍል ሰው ቢያስነጥስ ይሰማኛል። ሬዲዮዋ ያን ምሽት አልተከፈተችም። ማግስቱንም አልተከፈተችም። ያኔ ጠረጠርኩ። ሬዲዮዬ ተፈልጋ የተወሰደችው ለመሰማት ሳይሆን ለማስረጃ እንድትያዝ ነው አልኩ። ሴትየዋ ክፉ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ታዝዘው ነው። ማን እንዳዘዛቸው ደግሞ መጠየቅ አያስፈልግም።

ማክሰኞ የቴአትር ልምምድ ነበረ። የኪነቱ መሪ የአማርኛ መምህሩ ሙላት ነው፤ በዚያ አገር ጓደኛዬ የምለው ሰው እሱ ብቻ ነበር። በየዓመቱ ለእኔ የሚደርሰኝ ገጸ ባሕርይ አንድ ነው፦ ኢምፔሪያሊዝም። ባርኔጣ ደፍቼ፣ ከወረቀት የተጠቀለለ ሲጋራ በአፌ ይዤ እገባለሁ፤ ሕዝቡ ይጮኽብኛል፤ በመጨረሻ ጭሰኞቹ አባረው ያስወጡኛል። በዚያ ዓመት ግን ሙላት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ልጅ ሆኜ እንድተውን ፈቀደልኝ። ከግንባር ወደ መንደሩ የሚመለስ ታደሰ የሚባል ወታደር ነኝ። ታደሰ ሲመለስ እናቱ ሞታ ይጠብቀዋል። «ነጭ ወታደር ማን ያምናል?» ብለው ሲስቁ ሙላት «ፋኖሱን ዝቅ እናደርጋለን» ብሎ አፋቸውን አስያዘልኝ። ያቺን የመርዶ ትዕይንት ብቻዬን ቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተለማመድኳት አልነግራችሁም። ቴአትሩ የሚታየው እሑድ፣ የገበሬ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ነበር።

ሙላት ወረቀቱን እያገላበጠ «አንዷን ትዕይንት አውጥቻታለሁ» አለኝ።

«የትኛዋን?»

«እናትየዋ መሞቷን የሚሰማባትን።»

«ሙላት፣ ቴአትሩ እኮ እሷ ናት!»

«ትረዝማለች።»

«ማን ነው ትረዝማለች ያለው?»

«እኔ።» ይህን ሲል አንድም ጊዜ ወደ ፊቴ አላየም። ሌሎቹ ተዋንያን ጫማቸውን ያያሉ። ልምምዱ አልቆ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጎንደር የምታውቀው ያገርህ ሰው አለ?» አለኝ።

«ያገሬ ሰው?»

«አርመን ማለቴ ነው።»

«የለም። ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እንዲያው ነው።»

በዚያ ዘመን «እንዲያው ነው» የሚያስፈራ መልስ ነበር። የማውቃቸውን ሰዎች ለምን ይጠይቃል? ለማን ሊነግር? ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ረቡዕ ጠዋት አያ ደምሴ ደጄ ላይ ነበሩ። «ዛሬ አልሮጥም» ስላቸው «ተመስገን!» አሉና ደጁ ላይ ተቀመጡ። እስክወጣ አልተነሱም። ትምህርት ቤት ስደርስ ሙላት የለም። «አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ገብቶ ነበር፤ ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍሯል» አሉኝ። ቴአትሩ አራት ቀን ቀርቶት የኪነቱ መሪ ወዴት ይሄዳል? ከሰዓት በኋላ ዝማሬ ልምምድ ስገባ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ጫጫታ ባንድ ጊዜ ቆመ። ስለ ምርት ዕድገት የሚዘመረውን መዝሙር ጀመርን። የእኔ ድምፅ ብቻ የሚወጣባት አንዲት ቦታ አለች። እሷን ስዘምር ከፊቴ የቆመችው የክሊኒክ ነርስ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ሮጣ ወጣች።

«ምን ሆነች?» አልኩ።

«ጉንፋን ይዟት ነው» አሉ፤ ሁለት ሦስት ሰዎች ባንድነት።

ለጉንፋን ይህን ያህል ምስክር አያስፈልግም። የሚያውቁት ነገር አለ፤ አዝነውልኛል፤ ሊነግሩኝ ግን አይደፍሩም። እንግዲህ የምታሰር መሆኔን ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ ማለት ነው።

ሐሙስ ዝማሬውን ትቼ ከሥራ እንደተመለስኩ በሬን ዘጋሁና ቤቴን ፈተሽኩ። ሲመጡ ምን ያገኛሉ? ልብስ፣ ኳስ፣ ፊሽካ፣ ጥቂት መጻሕፍት። ከአልጋው ሥር ደግሞ በካርቶን የተቀመጡ የእናቴ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ከአሌፖ የጻፈችልኝ ሁሉ። የተጻፉት በአርመን ፊደል ነው። ይህን ፊደል አይቶ የማያውቅ የደኅንነት ሰው ምን እንደሚል ገመትኩ። የምስጢር ጽሑፍ ነው የሚል ሰው ቢመጣ፣ እናቴ ስለ ጉልበቷ ሕመምና ስለ እህቷ ድመት ነው የጻፈችልኝ ብዬ ማንን አሳምናለሁ? ምድጃው ላይ አንድ አንድ እያልኩ አቃጠልኳቸው። የመጨረሻዋን ሳልጥላት አንድ ጊዜ አነበብኳት። «ሹራብህን ሳትለብስ እንዳትሮጥ» ትላለች። እሷንም ጨመርኳት።

አርብ ጠዋት ለመሄድ ወሰንኩ። የይለፍ ወረቀት የለኝም፤ ግን ደብረ ታቦር ከደረስኩ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የጭነት መኪና አላጣም። አዲስ አበባ ላይ የአባቴ ወዳጆች አሉ። ትንሽ ሻንጣ ይዤ በጓሮ ወጣሁና አውቶቡሱ ጋ ደረስኩ። ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ረዳቱ አየኝና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ቦታ የለም» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው? ባዶ እኮ ነው!»

«ተይዟል።»

«በማን?»

«በሰው።»

ሹፌሩ ከወንበሩ ወረደ። ጠና ያለ ሰው ነው፤ ከዚያ በፊት ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። ትከሻዬን ያዘና «ወንድሜ፣ ዛሬ አትሂድ። እባክህ» አለኝ። ይህች «እባክህ» ከሁሉ በላይ አስፈራችኝ። ሹፌሩም ተነግሮታል ማለት ነው። ዞር ስል አያ ደምሴ ከኋላዬ ቆመዋል። ሻንጣዬን ከእጄ ወሰዱና «ና፣ ቤት እንግባ» አሉ። እንደ እስረኛ ከፊት ከፊታቸው ሄድኩ። የዚያን ቀን ምሽት እትዬ ጥሩወርቅ ያመጡልኝን ምግብ አልነካሁትም። «ብላ፣ የኔ ጌታ፣ ብላ» እያሉ ለመኑኝ። በመጨረሻ እንባቸው መጣ። እኔም ላጽናናቸው ብዬ በላሁ።

ቅዳሜ ገና ወፍ ሲንጫጫ የብዙ ሰው እግር ኮቴ ሰማሁ። አልተኛሁም ነበር። ታስረው የወጡ ሰዎች የእስር ቤት መሬት ይበርዳል ሲሉ ስለሰማሁ ሁለት ሸሚዝ ደርቤ፣ ወፍራም ካልሲ አጥልቄ ተቀምጫለሁ። ፍርሃቱ ራሱ ደክሞት ትቶኝ ነበር፤ የቀረኝ ብቸኝነት ነው። ወስደው ቢያጠፉኝ ማን ይጠይቃል? ይህን ነበር የማስበው። የሚያለቅስልኝ ሰው በዚህ አገር የለም፤ እናቴም በወር አንድ ጊዜ የሚደርሳትን ደብዳቤ ስትጠብቅ ትኖራለች።

በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ግቢው ጢም ብሏል። ወንዶቹ ጋቢያቸውን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። መምህራኑ አሉ፤ መዘምራኑ አሉ፤ የአውቶቡሱ ሹፌር አለ። ከፊት መሪጌታ ጥበቡ ቆመዋል። እኚህ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ፣ ከተማው ሁሉ የሚፈራቸው ሽማግሌ ናቸው። ከእሳቸው ጎን ሙላት፣ ልብሱ አቧራ እንደለበሰ። ከሙላት ጎን ደግሞ የማላውቀው ሰው፦ ቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ባርኔጣ የደፋ፣ ፊቱ የማይታይ። ሙላት ይዞት የመጣው ይህን ነው። ጓደኛዬ ሙላት።

ሁለት እጆቼን አንድ ላይ አድርጌ ዘረጋሁ። «እሺ፣ እሄዳለሁ» አልኩ። ድምፄ እንዳሰብኩት አልተንቀጠቀጠም። «እትዬ ጥሩወርቅን ግን አትንኩብኝ። ሬዲዮው የእኔ ነው፤ እሳቸው አያውቁም።»

ሙላት አፉን ከፍቶ አየኝ። «ምን ትላለህ አራም? ምን ሆነሃል?»

ቆዳ ጃኬት የለበሰው ሰው ወደ ፊት መጣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ጸጉሩ ነጭ፣ አፍንጫው እንደ አባቴ አፍንጫ ትልቅ፣ እጁ ላይ ሳሙና የማያስለቅቀው የግራሶ ጥቁረት ያለበት ሽማግሌ ነው። የተዘረጉትን እጆቼን ባንድ እጁ ያዛቸውና በእናቴ ቋንቋ «ልጄ» አለኝ።

ልጄ። ከሬዲዮ ሳይሆን ከሰው አፍ። ያኔ ገባኝ።

አንባቢ ሆይ፣ «አዲስ አበባ ተወልደህ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አታውቅም ወይ?» ልትለኝ ትችላለህ። አውቃለሁ። ጎረቤቶቻችን ቤት ስንት ጊዜ ሲነገር አይቻለሁ። ሰውየውን ሳያሰሙ አባብለው፣ አብልተው፣ ብቻውን እንዳይሆን ጠብቀው፣ በማለዳ ተሰብስበው እንደሚያረዱት ማን ያጣዋል? ሳምንቱን ሙሉ ያየሁት ምልክት ሁሉ ይኸው ነበር። ግን ለእኔ ሊሆን ይችላል ብዬ አንድም ጊዜ አላሰብኩም። መርዶ የሚነገረው የአገሩ ለሆነ ሰው ነው። እኔ ኢምፔሪያሊዝም ነኝ።

መሪጌታ በትራቸውን ተደግፈው «ልጀ፣ እናትህ አርፈዋል። እግዚአብሔር ያጥናህ» አሉ። ለቅሶው ግቢውን ሞላው። አይተዋት ለማያውቋት ሴት፣ ስሟን እንኳ ለመጥራት ለሚቸግራቸው ሴት ደረታቸውን ደቁ። እትዬ ጥሩወርቅ፣ እኚያ ዝምተኛ ሴት፣ ከመካከል ቆመው ያወጡትን ግጥም እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦

«ልጇን ለእኛ ትታ ባሕር የተሻገረች፣
አደራ ሳትለን አደራ ጥላ ሄደች።»

እኔ መጀመሪያ አላለቀስኩም። ሽማግሌው አቅፎኝ በእናቴ ቋንቋ ያለቅስ ጀመር፤ እሱን ስሰማ እኔም ተከተልኩት።

የሆነውን ቀስ በቀስ ነገሩኝ። ወሬው የመጣው እሑድ ነው፤ አክስቴ አዲስ አበባ ላሉት የአባቴ ወዳጆች አስታወቀች፤ እነሱ ደግሞ በአስተዳደሩ ስልክ ለዳይሬክተሩ ነገሩ። የዚያኑ ዕለት ምሽት ሽማግሌዎቹ መሪጌታ ቤት ተሰብስበው መከሩ። ሬዲዮዬን ያስወሰዱት ወሬው በእሷ በኩል ብቻዬን ሳለሁ እንዳይደርሰኝ ፈርተው ነው። ሙላት ጎንደር ወርዶ ከጋራዥ ጋራዥ እየዞረ «እዚህ አርመን አለ ወይ?» ሲል ውሎ እኚህን ሽማግሌ፣ ሙሴ ሐጎብን አገኛቸው። «ሙሴ» ያኔ ለፈረንጅ የሚሰጥ «አቶ» ነው፤ ሰውየው መካኒክ ናቸው። ነገሩን እንደሰሙ «የማን ልጅ ነው?» እንኳ ሳይሉ ጋራዣቸውን ቆልፈው ተነሱ። የይለፍ ወረቀት እንዲያገኙ ሙላት ለካድሬው ለቴአትሩ ድምፅ ማጉያ የሚሆነውን ጄኔሬተር የሚጠግኑ ባለሙያ ናቸው ብሎ ዋሸ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ውሸት አልነበረም። ቴአትሩም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ሙላት ተጠርቶ ተገሠጸ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ቀለል ሲል፣ እትዬ ጥሩወርቅን ቆጣ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ለምን ሰኞ አልነገራችሁኝም? ደብዳቤዎቿን እኮ አቃጠልኳቸው! ልትይዙኝ ነው ብዬ አቃጠልኳቸው!»

ይህን አያውቁም ነበር። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ብቻህን ነበርክ እኮ ልጀ» አሉ። «ብቻውን ላለ ሰው እንዴት አርገን እንነግራለን? አጠገብህ የሚቀመጥ፣ በናትህ ቋንቋ አብሮህ የሚያለቅስ ሰው እስክናመጣልህ ነው እንጅ።»

«እናንተ አልነበራችሁም ወይ?»

«እኛማ አለን። አለንልህ። የናትህን አፍ ግን አናውቅም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ልክ ነበሩ ወይ አልነበሩም የሚለውን እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። እናቴ ሞታ እኔ ስለ ምርት ዕድገት ስዘምር መዋሌ ዛሬም ያመኛል። የደብዳቤዎቹ ነገርማ መቼም አይወጣልኝም። ሰኞ ቢነግሩኝ ኖሮ ዛሬ እጄ ላይ ነበሩ። ሰኞ ቢነግሩኝ ኖሮ ግን ብቻዬን፣ በዚያች ክፍል፣ ከሬዲዮ ጋር ነበር የማለቅሰው። ሁለቱንም አውቃለሁ፤ አንዱ ሌላውን አያሽረውም። በመዝገብ የውጭ አገር ዜጋ የተባልኩ የእኔን ሐዘን አንድ ከተማ ሙሉ ለሳምንት ያህል ተሸክሞልኛል፤ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እንዳልወድቅ ብለው ከኋላዬ ሮጠውልኛል። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ነኝ ማለት አፍሬ ተውኩ። የአባቴ ወዳጆች «አሁን ምን ይዞህ ነው፣ ውጣ» ብለው ሲልኩብኝ አልወጣሁም።

ሙሴ ሐጎብ እስኪሄዱ ድረስ አጠገቤ ነበሩ። ስለ ደብዳቤዎቹ ስነግራቸው አልተቆጡኝም፤ «የምታስታውሰውን ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ድመቲቱ፣ ስለ ሹራቡ። በገዛ ቋንቋችን፣ እስኪነጋና እስኪመሽ ነገርኳቸው። እሳቸውም ከሚስታቸው ሞት ወዲህ ይህን ቋንቋ ከሰው ጋር ሲናገሩ የመጀመሪያቸው መሆኑን የነገሩኝ በመጨረሻው ቀን ነው።

ልሸኛቸው አውቶቡሱ ጋ ቆመን ሳለ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ትንሽ አመነቱ። «እንደው ሳስበው» አሉ፤ «እኔ ስሞት ለማን ይነገራል? ጋራዡን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን ብሎ የሚጠራ ግን የለም። ያንተን ስም ልስጣቸው?»

«ስጧቸው» አልኩ።

ከዓመታት በኋላ፣ እኔ እዚያው መካነ ኢየሱስ ሳለሁ፣ ከጎንደር ወሬው መጣ። መሪጌታ ከሰዉ ጋር በማለዳ መጥተው አረዱኝ። ድንኳን ተጣለ፤ ሰው ተቀመጠ። ከስማዳ፣ ከወገዳ ለገበያ የመጣች አንዲት የማላውቃት ሴት ለቅሶ ሰምታ ገባችና አጠገቤ ሆና «ምንህ ናቸው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አባቴ ናቸው» አልኳት።

ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች።